የጉዳት ዋስትና፦ በአሜሪካ ፉትቦል ውል ውስጥ ቀን የተቆረጠለት ቃል ኪዳን

(የመግቢያ ሙዚቃ)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስፖርት ነክ ነው፤ የምናወራው ግን ስለ ውጤት ሳይሆን ስለ ውል ነው። አንድ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ሥራው ላይ እያለ ሲጎዳ ደመወዙን ማን ይከፍለዋል? እስከ መቼስ ይከፍለዋል? የጉዳት ዋስትና የሚባለውስ ምን ምን ይሸፍናል? እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንመልሳለን። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

በዋሽንግተን አካባቢ ላላችሁ አድማጮች ቅርብ ከሆነው ስታዲየም እንነሣ። ቦታው ሜሪላንድ፣ ላንዶቨር ነው። ዛሬ ኮማንደርስ እየተባለ የሚጠራው የዋሽንግተን ቡድን በ2012 ሮበርት ግሪፊን የሚባል ወጣት ኳርተርባክ፣ ማለትም የማጥቃት ጨዋታውን የሚመራ ተጫዋች፣ አስፈረመ። ደጋፊው አርጂ ስሪ እያለ የሚጠራው ይህ ልጅ በመጀመሪያ ዓመቱ ቡድኑን ለጥሎ ማለፍ አበቃ። ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 እዚያው ላንዶቨር ላይ ከሲያትል ጋር ሲጫወቱ ግን ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ። ታክሞ ተመለሰ፣ የድሮ ብቃቱ ግን ሙሉ ለሙሉ አልተመለሰም። በ2015 ደግሞ በመደበኛው የውድድር ዘመን አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ ዓመቱን ጨረሰ። በማርች 2016 ተሰናበተ። አሰልጣኙ በእሱ ቦታ ያሰለፉት ኪርክ ኩሲንስ የተሻለ ብቃት ላይ ነው ብለው ነበር፤ ኩሲንስም በእርግጥ ጥሩ ተጫውቷል። ይሁን እንጂ ግሪፊን ሜዳ ገብቶ ቢጎዳ ኖሮ ክለቡን ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊያስከፍል የሚችል አንድ አንቀጽ ውሉ ውስጥ ነበር። ይህን አንቀጽ ለመረዳት መጀመሪያ ውሉ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ እንይ።

በብሔራዊ ፉትቦል ሊግ፣ በተለምዶ ኤንኤፍኤል በምንለው ሊግ፣ ተጫዋቾች ሁሉ የሚፈርሙት አንድ ወጥ የውል ቅጽ አለ። ቅጹ የሚወጣው ክለቦቹ ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር ከሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነት ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው ስምምነት በ2020 የጸደቀ ሲሆን እስከ 2030 የውድድር ዘመን ያገለግላል።

ታዲያ በዜና «እገሌ የአራት ዓመት ውል ፈረመ፣ 60 ሚሊዮን ዶላር ሊከፈለው ነው» ሲባል ስንሰማ ብዙዎቻችን ገንዘቡ ኪሱ የገባ ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። በወጥ ቅጹ መሠረት ክለቡ የተጫዋቹ ብቃት ከሌሎቹ አንሷል ብሎ ካመነ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። በሊጉ የደመወዝ ጣሪያ ምክንያት ቦታ ማስለቀቅ ካስፈለገውም ማቋረጥ ይችላል። ስለዚህ ልዩ ዋስትና ካልተጻፈበት በቀር የአራት ዓመት ውል ማለት ክለቡ በየዓመቱ እንደገና የሚወስንበት ውል ማለት ነው።

አሁን ወደ ጉዳት እንምጣ። ወጥ ቅጹ ለጉዳት የሚሰጠው አንድ መሠረታዊ ጥበቃ አለ። እንበልና አንድ ተጫዋች በኦገስት ልምምድ ላይ ሳለ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ወዲያውኑ ለቡድኑ ሐኪም ወይም ለወጌሻው አሳውቋል፣ ጉዳቱም ተመዝግቧል። ክለቡ ያሳክመዋል። መጫወት እስካልቻለ ድረስም የዚያን የውድድር ዘመን ደመወዝ ይከፍለዋል። ቅጹ ግን እዚህ ላይ አንድ ገደብ ያስቀምጣል፦ ክፍያው የሚመለከተው ጉዳቱ የደረሰበትን የውድድር ዘመን ብቻ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ደመወዝ ውሉ ላይ ተጽፎ ቢገኝም ክለቡ የመክፈል ግዴታ የለበትም። ተጫዋቹ ገና በክራንች እየሄደ ሳለ ሊያሰናብተው ይችላል።

እርግጥ በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ የጉዳት ከለላ የሚባል ሌላ ጥቅም አለ። ባለፈው የውድድር ዘመን በደረሰበት ጉዳት ምክንያት የጤና ምርመራውን ያላለፈና በዚሁ የተሰናበተ ተጫዋች፣ ሌሎች መስፈርቶችን ካሟላ፣ ለቀጣዩ ዓመት የተወሰነ ክፍያ ያገኛል። ይህ ክፍያ ግን ጣሪያ አለው። በዓመት 10 ወይም 20 ሚሊዮን ዶላር ተጽፎለት ለነበረ ተጫዋች የሚደርሰው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ወኪሎች ከክለቦች ጋር ሲደራደሩ ለጉዳት ለብቻው ዋስትና እንዲጻፍ የሚታገሉት በዚህ ምክንያት ነው።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አድማጮች፣ በዚህ ሊግ ሦስት ዓይነት ዋስትና አለ። አንደኛው የብቃት ዋስትና ነው፤ ክለቡ «ብቃትህ ወርዷል» ብሎ ቢያሰናብተው እንኳን ደመወዙን ይከፍላል። ሁለተኛው የደመወዝ ጣሪያ ዋስትና ነው፤ ክለቡ ወጪ ለመቀነስ ቢያሰናብተው ይከፍላል። ሦስተኛው የጉዳት ዋስትና ነው፤ ተጫዋቹ በሥራው ላይ ተጎድቶ ምርመራ ማለፍ ካቃተው ይከፍላል። ሦስቱም ተሟልተው ሲጻፉ ሙሉ ዋስትና ይባላል። ልዩነቱ የመኪና ኢንሹራንስ ያለው ሰው በቀላሉ የሚረዳው ነው፦ የሦስተኛ ወገን የገባና ሙሉ ሽፋን የገባ ሰው ሁለቱም ኢንሹራንስ አላቸው፤ አደጋው ሲደርስ ግን የሚከፈላቸው አንድ አይደለም።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የቀረቡ ናቸው። አንድ ተጫዋች ለሦስት ዓመት 30 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፣ በዓመት 10 ሚሊዮን መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ዓመት 10 ሚሊዮን ሙሉ ዋስትና አለው። የሁለተኛው ዓመት 10 ሚሊዮን ለጉዳት ብቻ ዋስትና አለው፤ ተጫዋቹ በማርች ወር አዲሱ የሊጉ ዓመት በጀመረ በአምስተኛው ቀን ገና የክለቡ ከሆነ ግን ይህ ገንዘብ ወደ ሙሉ ዋስትና ይለወጣል። ሦስተኛው ዓመት ምንም ዋስትና የለውም።

ሦስት ዕድሎችን እናስብ። አንደኛ፣ ተጫዋቹ ጤነኛ ሆኖ ዓመቱን ጨረሰ፣ አጨዋወቱ ግን ደካማ ነበር። ክለቡ በፌብሩዋሪ ቢያሰናብተው ለሁለተኛው ዓመት ሰባራ ሳንቲም አይከፍለውም። ሁለተኛ፣ ተጫዋቹ በዲሴምበር ተጎዳ፣ በፌብሩዋሪም ምርመራውን ማለፍ አልቻለም። ክለቡ ሊያሰናብተው ይችላል፤ 10 ሚሊዮኑን ግን መክፈሉ አይቀርም። ሦስተኛ፣ የማርቹ ቀን ሳይሰናበት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ጤነኛም ሆነ ጉዳተኛ፣ ደካማም ሆነ ጎበዝ፣ ገንዘቡ የእሱ ነው። እንግዲህ ያ የማርች ቀን ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሁን ዋስትናው ሥራውን በትክክል ሲሠራ እንይ። ራያን ሼዚየር የፒትስበርግ ስቲለርስ ተከላካይ ነበር። ዲሴምበር 4 ቀን 2017 ሲንሲናቲ ላይ ተጋጣሚውን ለመጣል ዘሎ ሲገጥም አከርካሪው ተጎዳ፣ እግሮቹን ማንቀሳቀስም አቃተው። ከዚያ በኋላ በእግሩ መሄድ ቢችልም ዳግም አልተጫወተም። ክለቡ ግን ከጉዳቱ ወራት ቀደም ብሎ ውሉን ለአምስተኛ ዓመት የማራዘም መብቱን ተጠቅሞ ነበር። በጊዜው ደንብ ያ የአምስተኛ ዓመት ደመወዝ የጉዳት ዋስትና ስለነበረው ሼዚየር ለ2018 የተጻፈለትን ወደ 8.7 ሚሊዮን ዶላር አግኝቷል። ያ ዋስትና ባይኖር ኖሮ ሰውየው ከሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ለሙሉ ደመወዙ የክለቡን በጎ ፈቃድ ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ ባልነበረው ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ እንደገና ወደ ላንዶቨር ይወስደናል። ኖቬምበር 18 ቀን 2018 የዋሽንግተኑ ኳርተርባክ አሌክስ ስሚዝ ከሂውስተን ጋር ሲጫወት የቀኝ እግሩ ሁለቱም የቅልጥም አጥንቶች ተሰበሩ። ቁስሉ አመረቀዘ፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ደሙ ገብቶ ሕይወቱን እስከ ማሥጋት ደረሰ። 17 ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። በዚያው ዓመት የፈረመው ማራዘሚያ የአራት ዓመት ሲሆን 94 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 71 ሚሊዮኑ ዋስትና የተጻፈለት መሆኑ ተዘግቧል። በመሆኑም የ2019ን የውድድር ዘመን ሙሉ ሳይጫወት ሲታከም ደመወዙ አልተቋረጠም። ስሚዝ ኦክቶበር 2020 ላይ ወደ ሜዳ ተመልሶ የዓመቱን ከጉዳት የተመለሰ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ወሰደ። የጉዳት ዋስትና ለሰው ልጅ ሊሰጠው የሚገባው ይህን ነው፦ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ሳይጨነቅ እግሩን የሚያስታምምበት ጊዜ።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ይሁን እንጂ ይኸው አንቀጽ ተጫዋቹን ከሜዳ የሚያስወጣበት ጊዜም አለ። ክለቡ አንድን ተጫዋች ለሚቀጥለው ዓመት እንደማይፈልገው ወስኗል እንበል። ተጫዋቹ ጤነኛ ሆኖ ዓመቱን ከጨረሰ ያለ ወጪ ይሸኘዋል። በመጨረሻዎቹ ጨዋታዎች ከተጎዳ ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ዕዳ ይገባበታል። ስለዚህ ለክለቡ ርካሹ መንገድ ጤነኛውን ተጫዋች ተቀያሪ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ይሆናል። የግሪፊን የ2015 ታሪክ የሚነበበው በዚህ ስሌት ነው። የአምስተኛ ዓመት ደመወዙ ለጉዳት ብቻ ዋስትና ነበረው፣ ሜዳ ካልገባ ደግሞ የመጎዳት ዕድሉ በእጅጉ ይቀንሳል።

ከእሱ በኋላ የመጡት ምሳሌዎች ነገሩን ይበልጥ ግልጽ አድርገውታል። በ2022 ዴሪክ ካር የላስ ቬጋስ ሬይደርስ ኳርተርባክ ነበር። ውሉ ላይ 40.4 ሚሊዮን ዶላር ለጉዳት ዋስትና ተጽፎለታል፤ ገንዘቡ ወደ ሙሉ ዋስትና የሚለወጠው ከሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ ከሱፐር ቦውል ሦስት ቀን በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2023 ነበር። ሁለት ጨዋታ ሲቀር ክለቡ ከቋሚ አሰላለፍ አወጣው። ፌብሩዋሪ 14፣ ቀኑ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አሰናበተው።

ዓመት ሳይሞላ ተመሳሳይ ነገር ዴንቨር ላይ ተደገመ። ራስል ዊልሰን ከብሮንኮስ ጋር በነበረው ውል የ2025 ደመወዙ 37 ሚሊዮን ዶላር የጉዳት ዋስትና ነበረው፤ ማርች 2024 ላይ ወደ ሙሉ ዋስትና ይለወጣል። ዲሴምበር 2023 ሁለት ጨዋታ ሲቀር ተቀያሪ ሆነ። ዊልሰን ለጋዜጠኞች እንደተናገረው ክለቡ ከሁለት ወር ገደማ በፊት የዋስትናውን ቀን እንዲያራዝም ጠይቆት ነበር፤ እምቢ ካለ እንደማይሰለፍም ተነግሮታል። የተጫዋቾች ማኅበርም ጉዳዩን በደብዳቤ ተቃውሟል። አሰልጣኙ ሾን ፔይተን በበኩላቸው ለውጡን ያደረጉት ቡድኑን ለማነቃቃት መሆኑን ተናግረዋል። በመጨረሻ ዊልሰን በማርች ተሰናበተ፤ ሙሉ ዋስትና የነበረውን የ2024 ደመወዝ ክለቡ ከፈለ፣ የ2025ቱን 37 ሚሊዮን ግን ዳነ። በ2024 መኸር ደግሞ የኒው ዮርክ ጃይንትሱ ዳንኤል ጆንስ 23 ሚሊዮን ዶላር የጉዳት ዋስትና እያለው ከቋሚ አሰላለፍ ወጣ፣ በዚያው ሳምንት ራሱ ጠይቆ ተሰናበተ።

እዚህ ላይ አቋሜን በግልጽ ልናገር። ክለቦቹ ሕግ አልጣሱም፤ ውሉ የሚፈቅድላቸውን ነው ያደረጉት። ጥፋቱ ያለው አንቀጹ ላይ ነው። ተጫዋቹን ከጉዳት ለመጠበቅ የተጻፈ ቃል ጤነኛ ሆኖ ለመሥራት የመጣን ሰው ሥራ የሚያሳጣ ከሆነ አጻጻፉ መስተካከል አለበት። መስተካከል እንደሚችልም ታይቷል። የ2020ው የኅብረት ስምምነት የአምስተኛ ዓመት ማራዘሚያን ለውጦታል፦ ዛሬ ክለቡ መብቱን እንደተጠቀመ ደመወዙ ወዲያውኑ ሙሉ ዋስትና ይሆናል። የግሪፊንና የሼዚየር ዓይነት አንቀጽ ለአዲስ ተጫዋቾች ቀርቷል ማለት ነው። ግሪፊንን የተካው ኪርክ ኩሲንስ ደግሞ በ2018 ከሚኒሶታ ቫይኪንግስ ጋር የሦስት ዓመት፣ የ84 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲፈርም እያንዳንዷ ዶላር ሙሉ ዋስትና እንዲኖራት አስደርጓል።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ቀጥለን ደግሞ ዋስትናው የማይሸፍነውን እንይ። ዋናው ነጥብ ጉዳቱ የደረሰበት ቦታና ሁኔታ ነው። የጉዳት ዋስትና የሚጠብቀው ለክለቡ በሚሠራው ሥራ ላይ የደረሰን ጉዳት ነው። በሜይ 2021 የዴንቨር ብሮንኮሱ ጃዋን ጄምስ ከክለቡ ቅጥር ግቢ ውጭ በግሉ ሲለማመድ የተረከዝ ጅማቱ ተበጠሰ። የዚያ ዓመት ደመወዙ 10 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ነበረው። ሲለማመድ የነበረው ለዚሁ ለሥራው ነው፤ ነገር ግን ክለቡ ከፉትቦል ሥራ ውጭ የደረሰ ጉዳት አድርጎ መዘገበውና አሰናበተው። ጄምስ አቤቱታ አቅርቦ ተከራክሯል። ለሌሎች ተጫዋቾች የቀረው ትምህርት ግን ግልጽ ነው፦ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ፣ አንድ ዓይነት ጅማት፣ ከክለቡ አጥር ውጭ ሲሆን ሌላ ሒሳብ አለው። ወጥ ቅጹ በተጨማሪ ተጫዋቹ ለአካል ጉዳት የሚያጋልጡ ሌሎች እንቅስቃሴዎችን ያለ ክለቡ ፈቃድ እንዳያደርግ ይከለክላል። በሞተር ሳይክል ወድቆ ወይም በረዶ ላይ ሲንሸራተት እግሩን የሰበረ ሰው ዋስትናዬ ይከፈለኝ ቢል ሰሚ የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው።

ሁለተኛው የመከራከሪያ ነጥብ ደግሞ «ስትሰናበት ድነህ ነበር ወይስ አልዳንክም?» የሚለው ነው። የክለቡ ሐኪም «ድኗል» ካለ ክለቡ ዕዳ የለበትም። ተጫዋቹ ካልተስማማ የጉዳት አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው፤ ጊዜው ግን አጭር ነው፣ 25 ቀን ነው። ከዚያ ተጫዋቹን አንድ ገለልተኛ ሐኪም ይመረምረዋል፣ ጉዳዩም ወደ ግልግል ዳኛ ይሄዳል። ተጫዋቹ በክለቡ ወጪ ከሌላ ሐኪም ሁለተኛ አስተያየት የማግኘት መብትም አለው። በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ትልቁ ማስረጃ መዝገብ ነው። ወንድ ልጅ ሕመም ይችላል ብሎ ጉዳቱን ከወጌሻው የደበቀ ተጫዋች በኋላ «ያኔ ነው የተጎዳሁት» ቢል የሚያቀርበው ወረቀት አይኖረውም። ቦታዬን እነጠቃለሁ ብሎ የሚደብቀው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዋስትና የሌለው፣ በዝቅተኛው ደመወዝ የሚጫወተው ልጅ ነው። ዋስትና በብዛት የሚጻፈው ለታላላቆቹ ኮከቦች ነው፤ በብዛት የሚያስፈልገው ግን ለእነዚህ ነው።

አድማጮች፣ እኛ እግር ኳስ የምንለው ጨዋታ በዚህ ረገድ መንገዱ ሌላ ነው። በፊፋ ደንብ መሠረት የተጫዋችና የክለብ ውል የሚያበቃው ጊዜው ሲያልቅ ወይም ሁለቱ ሲስማሙ ነው፤ ከዚያ በፊት ለማፍረስ በቂ ምክንያት ያስፈልጋል። ሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ደግሞ በፊፋ የክርክር ሰሚ አካላትም ሆነ ሎዛን በሚገኘው የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት እንደ በቂ ምክንያት አይቆጠርም። ተጫዋቹ ለብሔራዊ ቡድኑ ሲጫወት ቢጎዳም ክለቡ ደመወዙን ይከፍላል። ፊፋ ከ2012 ጀምሮ ለዚሁ የክለቦች መጠበቂያ መርሐ ግብር አለው፦ ጉዳቱ ተጫዋቹን በተከታታይ ከ28 ቀን በላይ ካስቀመጠው ለክለቡ በቀን እስከ 20,548 ዩሮ፣ ቢበዛ ለአንድ ዓመት፣ በድምሩ እስከ 7.5 ሚሊዮን ዩሮ ይተካለታል። በእግር ኳስ መነሻው ውሉ ይጸናል የሚለው ነው፤ በአሜሪካ ፉትቦል ግን ጽናቱ በአንቀጽ ተደራድሮ የሚገዛ ነው።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላልና፣ ልጃችሁ፣ ወንድማችሁ ወይም የምታውቁት ወጣት በዚህ ሊግ ለመፈረም ቢበቃ ከፊርማው በፊት አራት ጥያቄ ይጠይቅ። አንደኛ፣ ከተጻፈው ገንዘብ ውስጥ ስንቱ ሙሉ ዋስትና አለው? ስንቱስ ለጉዳት ብቻ? ሁለተኛ፣ የጉዳት ዋስትናው ወደ ሙሉ የሚለወጠው በየትኛው ቀን ነው? ቀኑ በቀረበ ቁጥር ለተጫዋቹ የተሻለ ነው፤ ክለቡ ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀምጦ የሚጠብቅበት ጊዜ ያጥራልና። ሦስተኛ፣ ከክለቡ ግቢ ውጭ የሚሠራ ልምምድ ይሸፈናል? ካልተሸፈነ ወኪሉ በጽሑፍ እንዲያስገባው ወይም የግል የአካል ጉዳት ኢንሹራንስ እንዲገባ ይጠይቅ። አራተኛ፣ ውሉ ለሁለት የተከፈለ ደመወዝ የሚሉት ዓይነት ነው ወይ? ማለትም ተጫዋቹ በጉዳተኞች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ደመወዙ ዝቅ ይላል ወይ? በብዙ ወጣቶች ውል ውስጥ ይህ አለ።

ከፊርማው በኋላ ደግሞ አንድ ልማድ ይያዝ፦ ትንሽም ትልቅም ሕመም በተሰማው ቀን ለሐኪሙ ይናገር፣ መመዝገቡን በዓይኑ ይይ፣ ቅጂውን ለራሱ ያስቀር። ሐኪሙ ድነሃል ብሎ ካሰናበተው 25ቱን ቀን ከመጀመሪያው ዕለት ይቁጠር፣ የተጫዋቾች ማኅበሩንም በዚያው ቀን ይጥራ።

እኛም ተመልካቾቹ አንድ ነገር እንልመድ። አንድ ጤነኛ ተጫዋች የውድድር ዘመኑ ሊያልቅ ሲል በድንገት ከአሰላለፍ ሲወጣ ሰነፈ ወይም ተጣላ ከማለታችን በፊት የማርቹን ቀን እንጠይቅ። የዛሬው ዝግጅታችን እዚህ ላይ አበቃ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)